የሃጃ ፍክርያ አፍንጫ

ሃጃ ፍክርያ ማሽተት ካቆመች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። ለማንም አልተናገረችም።

ጥር ላይ የያዛት ብርድ አሥር ቀን አጋድሟት ሲለቃት አፍንጫዋንም ይዞ ሄደ። ሽንኩርት ከትፋ አሸተተች፤ ምንም። የነጭ ጋዝ ጀሪካን ከፍታ ፊቷን ደፋችበት፤ ምንም። የልብስ ሳሙናው፣ ያረረው ወተት፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር የረገፈው አበባ፣ ሁሉም ውሃ ሆነባት። ሌላ ሰው ቢሆን ችግር አይባልም። እንዲያውም እዚህ ግብጽ፣ ራስ ኤል ባር ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ለምንኖር ሰዎች፣ አፍንጫ ማጣት እረፍት ነው። ፍክርያ ግን የምትኖረው በአፍንጫዋ ነበር።

ሥራዋ ፈሲኽ ነው። ቡሪ የሚባለው ዓሣ ፀሐይ ላይ ውሎ ነፋ ሲል በጨው ተደርድሮ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል፤ ከፋሲካ ማግስት ላለው ሰኞ፣ ለሻም ኤል ነሲም፣ ይከፈታል። ያን ቀን አገሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ውሃ ዳር ወጥቶ የጸደይ ነፋስ እየማገ ፈሲኽ በሽንኩርት ይበላል። በወጉ የተሠራ ፈሲኽ ጣት ያስቆረጥማል። ያልተሠራው ይገድላል። መጀመሪያ ሰውየው ነገሩን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርጎ ያያል፤ ቀጥሎ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፤ ከዚያ ምራቅ አልዋጥ ይለዋል፤ ከዚያ ትንፋሽ። ይኼን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይበላል። «ስንት ሆኜ ታየሁህ?» መባባል የዕለቱ ቀልድ ነው።

የእኛ ሰፈር ሰው ሳይፈራ የሚበላው በፍክርያ ተማምኖ ነበር። በየዓመቱ ቅዳሜ ጠዋት በርሜሎቹ ሲከፈቱ ሱቋ ፊት ሰው ይሰበሰባል። እሷ በየበርሜሉ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትስባለች፣ ቀና ትልና «ይበላል» ትላለች። እሷ ሳትል ማንም አይነካውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። ሁለት ጊዜ ብቻ «ይደፋ» ብላለች፤ ሁለቱም ጊዜ ያለ ጥያቄ ተደፋ።

ዘንድሮም ጎንበስ አለች፣ ጨፈነች፣ ሳበች። ከበርሜሉ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነበር። በአውራ ጣቷ ዓሣውን ጫን አለችው፣ ጉንጩን ገልጣ ቀለሙን አየች፣ ጠንካራ ሆኖ ስታገኘው «ይበላል» አለች። አምስቱን በርሜል እንዲህ አለፈቻቸው። ስድስተኛው ላይ ዓሣው ከጣቷ ሥር ልፍስፍስ አለ። አከርካሪው ዙሪያም አመድማ ነገር ያየች መሰላት። እጇ ቆመ።

«ሃጃ፣ ምራቃችን አለቀ እኮ!» አለ ከሰልፉ መሐል አንድ የካይሮ ሰው። የካይሮ ሰው ለዓመት በዓል ሲመጣ ባሕሩንም ተከራይቶት የመጣ ይመስለዋል።

ሰዉ ሳቀ። ልጇ ራጋብ ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ አያት። እሷም ከሁለት ወር በፊት መናገር ሲገባት ዝም ማለቷን አስታወሰች፤ ዛሬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ምን ብላ ትጀምረዋለች?

«ይበላል» አለች።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍክርያ ሰላም የላትም። እሑድን እንዴት እንዳዋለችው አታውቀውም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራጋብ ሰሌኑንና የምግቡን ቅርጫት ተሸክሞ፣ ወንዙ ከባሕሩ ጋር ከሚገጥምበት ከዳርቻው ጫፍ አደረሳት። ምንጣፉን ሲያነጥፍ አንዱን ጥግ ሁለት ጊዜ ስቶ አየር ጨበጠ።

«እማ፣ ዛሬ ሁለት ሆነሻል» አላት። «አንዷ መች አነሰችኝ?»

ክንዱን ያዘችው።

«ምን አልክ?»

«ኧረ ቀልዴን ነው! ሁለት ቀን ሳልተኛ ሸጥኩ፣ ዓይኔ ጨው ሆነ።»

ነፍሷ መለስ አለች። ራጋብ እኮ ፈሲኽ አይበላም። ሠላሳ አራት ዓመቱን በርሜል መሐል አድጎ፣ በሰባት ዓመቱ አንዴ ቀምሶ ተፍቶ፣ ያ የመጨረሻው ሆነ። «እናትህ ለእኛ መርዝ ትሸጣለች፣ ላንተ ሥጋ ትጠብሳለች» እያለ ሰፈሩ ይቀልድበታል። በዚህ ምድር ላይ ፍክርያ የማትሰጋለት አንድ ሰው ቢኖር ራጋብ ነበር።

«ሂድና ተኛ» አለችው። «ሱሄር ትሽጥ፣ ሚስትህ አይደለች?»

ሄደ። እሷም ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረች።

ዳርቻው ሞልቷል። ሕፃናት የተቀቀለ እንቁላል በቀለም አዥጎርጉረው ያጋጫሉ፤ ሰማዩ ላይ የወረቀት አሞራዎች ተጠላልፈዋል፤ ሴቶቹ ሰላጣና የእሸት ሽምብራ እስር ከምረው ይፈለፍላሉ። ከማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ዘፈን ያንባርቃል። ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ ቀሚሷን ያራግባል፤ ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ይስቡታል። ፍክርያ የምታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየምንጣፉ ላይ፣ በጋዜጣ ላይ የተዘረጋውን ፈሲኽ። የእሷን ፈሲኽ። የትኛው ከስድስተኛው በርሜል እንደሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ሰውዬ ዓይኑን አሸ። ፍክርያ ከወገቧ ቀና አለች። አሸዋ ነበር የገባበት። አንዲት ልጅ የዓይኗ ቆብ ተንጠልጥሎ እናቷ ጭን ላይ ተዘረረች፤ ልጅቷ እስክትነቃ ድረስ ፍክርያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ትንፋሿን ቆጠረችላት። አንዱ ጎልማሳ ሲራመድ ተደናቀፈ። አንዷ ውሃ ስትጠጣ ትን አላት። የሰው ልጅ በአንድ ቀን ይኼን ያህል ዓይኑን እንደሚያሽ፣ እንደሚደናቀፍ፣ እንደሚያዛጋ ከዚያ በፊት ልብ ብላ አታውቅም።

«አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?» አለቻት ኔማት። ጎረቤቷና የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ከባሏ ከሐጂ በድራዊ ጋር አጠገቧ ተቀምጣ ሦስተኛ ዓሣዋን እየቦጨቀች ነበር። «ሙሽራ እንደጠፋባት ሚዜ ትንቆራጠጫለሽ።»

«ምንም። ፀሐዩ ነው።»

«ብይ እንጂ! አፌ ደግሞ እንደ እንጨት ደረቀ ዘንድሮ፣ ምን ያህል ጨው ነው የከተትሽበት?»

ፍክርያ ወደ እሷ ዞረች። «አፍሽ ደረቀ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ፈሲኽ ከበላሁ ጀምሮ ነዋ! አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ይደርቃል። ምን ትላለች ይቺ?» ኔማት ወደ ባሏ ዞራ ሳቀች። «በድራዊ፣ ስንት ሆኜ ታየሁህ?»

«አንዷንም የማይበት ጉልበት አጣሁ» አለ ሐጂ በድራዊ።

ፍክርያ አልሳቀችም። «ኔማት፣ እስቲ ምራቅሽን ዋጪው።»

«ምን?»

«ዋጪው አልኩሽ!»

ኔማት አፏን ከፍታ አየቻት፤ ከዚያ ግራ እየተጋባች ዋጠች። ዋጠችው! ፍክርያ እንባዋ መጣ። ልትነግራት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከተናገረች ይኼ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ሕፃናት ይረጋገጣሉ፤ ምንም ሳይሆን ከቀረ ደግሞ ሱቁ አበቃለት፣ ራጋብ ከነሚስቱ ሜዳ ላይ ወደቀ። አንድ ሰው ብቻ ምልክቱን ካሳየ እናገራለሁ፣ አለች ለራሷ። አንድ ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ ይኼን ስትል ስድስተኛ ጊዜዋ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ በድራዊ ግብጦ ሲቆረጥም ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁ አየር ቧጠጠ። ኔማት ጀርባውን ስትደበድበው ግብጦዋ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፤ አጠገባቸው የነበሩት አጨበጨቡለት። ፍክርያ ግን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ተነሥታ በሰዉ መሐል ወደ ሱቁ ሮጠች። ለራጋብ ትነግረዋለች። እሱ ወደ መድረኩ ሄዶ ማይኩን ይዞ ይናገራል፤ እሷ ጉልበት የላትም። የመጣው ይምጣ።

ሱሄር መስኮቱ ላይ ሆና ትሸጣለች። «ከጠዋት ጀምሮ ተኝቷል» አለቻት።

ራጋብ ጓዳው ውስጥ፣ የጨው ጆንያ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ፍክርያ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ራጋብ፣ ስማኝ። አፍንጫዬ ሞቷል። ከጥር ጀምሮ አይሸተኝም። ስድስተኛው በርሜል ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ሕዝቡን ፈጀሁት ልጄ፣ ተነሥ ንገርልኝ!»

ራጋብ ምላሱ እየተጎተተ፣ ቃል በቃል፣ «አውቃለሁ፣ እማ» አላት።

«ምኑን?»

«የካቲት ላይ የተበላሸ ወተት አፍልተሽ ጠጣሽ። ያኔ ነው ያወቅሁት።» አረፈ። «ስድስተኛውን... አልሸጥኩትም። ስታመነቺ አየሁሽ። ያውልሽ፣ ከጀርባሽ።»

ዞረች። በርሜሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው። አንድ ሰው አልበላም! ኔማት አልበላችም፣ ያቺ ሕፃን አልበላችም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ደህና ነው። ፍክርያ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች፤ የልጇን እግር ሳመች፣ ጉልበቱን ሳመች። ሦስት ቀን ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ።

«የኔ አንበሳ! የኔ ብልህ! ተነሥ እስቲ፣ እየኝ።»

አልተነሣም። ቀና ብላ ፊቱን አየች። የሁለቱም ዓይኖቹ ቆብ እኩሌታ ላይ ወድቋል። ሊያያት አገጩን ወደ ላይ ቢያነሣም ቆቡ አልተከተለውም።

«ራጋብ።» ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ራጋብ፣ ማን ነው የቀመሰው?»

«ሙሉ በርሜል... ዝም ብሎ ይደፋል? ምናልባት ደህና ቢሆንስ አልኩ።» ምራቁን ሊውጥ ሞከረ፤ በከንፈሩ ጥግ ወረደ። «ቅዳሜ ማታ አንድ በላሁ። ግማሹን እንኳ... አልጨረስኩትም። ሳልሞክረው ለሰው አልሰጥም ብዬ ነው።»

ፍክርያ ጮኸች። የጩኸቷን ዓይነት ሱሄር እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ መንገዱን ወደ ካይሮ የሚመለሰው መኪና ዘግቶታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ የራጋብን ቆብ በጣቱ አንሥቶ በባትሪ አየና ነርሷን በአገጩ ጠራት። ነርሷ ቱቦ ያለበት መሣሪያ እየገፋች መጣች። ፍክርያ የሐኪሙን ክንድ ይዛ አልለቀቀችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። አፍንጫዬ አይሠራም፣ ደብቄ ነው። ዶክተር፣ ባሸተው ኖሮ...»

«ሃጃ፣ ይኼ መርዝ አይሸትም» አላት ሳያያት። «የማንም አፍንጫ አያገኘውም። እስከ ዛሬ ዕድለኛ ሆናችሁ ነው።»

ፍክርያ ሃያ ሁለት ዓመት ጎንበስ ያለችባቸው በርሜሎች ሁሉ በፊቷ መጡባት፤ የበሉት ሰዎች ሁሉ መጡባት። የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ማርከሻው እዚህ የለም፣ ከካይሮ ነው የሚመጣው» አለ ሐኪሙ። «ደውለናል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ልወቅ፤ መርዙ ስንት ሰዓት እንደሠራበት። ሁለት ማየት የጀመረው መቼ ነው?»

ሱሄር ፍክርያን አየቻት። ነርሷም አየቻት። ፍክርያ ጠዋቱን አየችው፤ ምንጣፉን ሲያነጥፍ የሳተውን ጥግ፣ የጨበጠውን አየር። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ልጅ ትንፋሽ ስትቆጥር የዋለችው ቀን ሙሉውን መጣባት።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ» አለች። «ነግሮኝ ነበር።»

ከአልጋው ላይ ድምፅ ተሰማ። ራጋብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሐኪሙ ጆሮውን አስጠጋ።

«አል... ነገርኳትም» አለ ራጋብ። ትንፋሹ ተቆረጠ፤ እንደገና ሰበሰበው። «አታውቅም። እሷ... ምንም አታውቅም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ።

«ነግሮኛል» አለች ፍክርያ። «ስምንት ሰዓት ሙሉ አስቀመጥኩት። ጻፈው፣ የእኔ ልጅ፣ ነግሮኛል።»