የሚያበራው ቅቤ

እታለማሁ ቆሰበር ከተማ ላይ የማታውቀው የሰው ጉድ አልነበረም። የማን ባል ከሰል ልሸጥ ብሎ አዲስ ቅዳም ሄዶ ሁለት ቀን እንዳደረ፣ የማን ጠላ ውሃ እንደበዛበት፣ የማን ልጅ ማንን እንደሚመስል፣ ሁሉንም ከነምልክቱ ታውቃለች። ለሰው አውርታ የማታውቀው የሥራ ቦታዋን ነገር ብቻ ነው። ብታወራስ ማን ያምናታል!

ሥራዋ የአይጥ ቤት ማጠብ ነው። ከተማው ጫፍ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ ሠላሳ ነጫጭ አይጦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በየመስታወት ቤታቸው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው። ከሥራቸው ሽንታቸው በአንድ ብልቃጥ፣ ካካቸው በሌላ ብልቃጥ ይጠራቀማል። ዶክተር መሳፍንት የሚባል ቀጭን ልጅ ደግሞ ያንን እንደ ወርቅ እየመዘነ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

የመጀመሪያ ቀን ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ "ዶክተር፣ እናትህ ይህን እንደምትሠራ ታውቃለች?" አለችው።

"ድንቹን የሚያጠቁረውን ሻጋታ የሚገድል አዲስ መድኃኒት እኮ ነው እማማ። ገበሬው ሳይረጨው በፊት፣ ሰውነት ውስጥ ቢገባ የት እንደሚሄድ፣ በስንት ቀን እንደሚወጣ ማወቅ አለብን።"

የት እንደሚሄድ የሚያየው ታዲያ በጨለማ ነው። መድኃኒቱ ላይ የሚያበራ ቀለም አጣብቀውበታል። ከጀርባ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሐምራዊ መብራት ሲበራ፣ መድኃኒቱ የደረሰበት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በጠራራ ፀሐይ እዚያ መግባት መቃብር እንደ መግባት ነው። አይጧ አትታይም፣ አፏ ብቻ ይታያል። ቆይቶ ሆዷ። ቆይቶ ጉበቷ ባለበት በኩል አንዲት ፍም።

"ከጉበት በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ይወርዳል" አላት። "ገሚሱ ይወጣል፤ ገሚሱን አንጀት መልሶ ወደ ደም ይስበዋል። እንደገና ጉበት፣ እንደገና አንጀት። በሦስት ቀን ግን አብዛኛው ወጥቶ ያልቃል።"

"በፊት በር ሸኝተኸው በጓሮ የሚመለስ እንግዳ በለኛ!"

መድኃኒቱ ከነቀለሙ የመጣበት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ባዶውን ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ሁለት ኪሎ የሚይዝ። ዶክተሩ "ይቀበራል" አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ መቅበር ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ሄደች። ሞኝ አይደለችም፤ በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ ፈትጋ አጠበችው፣ በወይራ ጭስ አጠነችው። እናቷም አያቷም ዕቃ የሚያጠሩት እንዲሁ ነው። ብታሸተው ወይራ ወይራ አለ። ለጋ ቅቤ ሞላችበት፣ ሲያድር ከዚያው ለራሷም ቆንጠር አድርጋ አስቀረች፣ ሰኞ ዕለት በባጃጅ ዘንገና ወርዳ ለእህቷ ልጅ ለውዴ ሰጠቻት። ውዴ አራስ ናት።

ሐሙስ ዕለት ሰባት ቁጥር አይጥ ወለደች። ዶክተሩ ማርገዟን አላወቀም፤ መመዘን እንጂ ሆድ ማየት የት ያውቃል! እታለማሁ ባልዲዋን ይዛ ጨለማው ክፍል ስትገባ መብራቱ በርቷል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ስድስት ምስር የሚያካክሉ መብራቶች ተደርድረው፣ በልጆቹ ሆድ ውስጥ፣ ይንቀጠቀጣሉ።

"ዶክተር! ልጆቹን ማን አበላቸው?"

"ማንም አላበላቸውም። ከጡቷ ነው።"

እናትየው ልጆቿን አገላብጣ ትልሳለች። የሸኑትን ስትልስ ምላሷ ይበራል፤ ብርሃኑም ተመልሶ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ካንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው፤ ይዞራል እንጂ አይጠፋም።

እታለማሁ ባልዲዋን ልታነሣ እጇን ሰደደች። ሁለት ጣቶቿ በሩ። ጠዋት ከዚያ ካስቀረችው ቅቤ የቆነጠረችባቸው ጣቶች።

ጮኻ አልወጣችም። ጣቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣችና ወደ ዘንገና ባጃጅ ያዘች።

"የልጅቷን የሽንት ጨርቅ ላጥብልሽ ብዬ ነው የመጣሁ" አለቻት ውዴን።

ውዴ ሳቀች። "አክስቴ፣ እርስዎ ነዎት የልጄን ጨርቅ የሚያጥቡት? ደግሞ ማን ምን አለ ብለው ነው?"

"ምንም የሰማሁት የለም።"

"እንግዲያ ታመዋል!"

ልጅቷ ገና ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ሰማንያዋ ሩቅ ነው፤ ክርስትና አልተነሣች፣ የክርስትና ስም እንኳ የላትም። እንዲህ እንዳለች አንድ ነገር ብትሆን... እታለማሁ ሐሳቡን አልጨረሰችውም። አንድ እርጥብ ጨርቅ በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ተነሣች።

አርብ ጠዋት ዶክተሩ ሳይገባ ጨርቁን ሐምራዊው መብራት ሥር ዘረጋችው። መሐሉ በራ። መዳፍ የምታህል ብርሃን ከጨርቁ ላይ ቁልጭ ብላ ታየቻት። እውነት ለመናገር፣ ጨርቁ ነው ያያት።

ዶክተሩ ሲመጣ ሁሉን ነገረችው፤ ዕቃውን፣ ግራዋውን፣ ወይራውን። ልጁ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

"ግራዋ ከፕላስቲክ ውስጥ መድኃኒት አያወጣም እማማ! ቅቤውን መብላት አሁኑኑ ታቁም። የጡቷን ወተት ለጊዜው እያለበች ትድፋ። ሁለቱንም ሐኪም ቤት እንወስዳቸዋለን።"

"አንተ ንገራት።"

"ቅቤውን የሰጧት እርስዎ ነዎት።"

ዕድሜ ልኳን የሰው ወሬ ስትሸከም ድካም አታውቅም ነበር። የራሷን ይዛ ስትሄድ ግን ያቺ የዘንገና መንገድ አልገፋ አለቻት። ውዴ ሰምታ አላለቀሰችም። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ "ሲጠሉኝ ነው ወይስ ሲወዱኝ?" አለቻት።

"ስወድሽ ነው ልጄ። ያንን ዕቃ ያነሣሁት ግን በስስት ነው።"

"ሁለተኛ ልጄን እንዳይነኳት።"

ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አቆዩዋቸው። ልጅቷ ደህና ትተነፍሳለች፣ በጡጦ ወተት ትጠባለች። ጨርቋ በየቀኑ ወደ ጨለማው ክፍል ይሄዳል። ቅዳሜ ብርሃኑ ሳሳ። እሑድ የጠዋት ጤዛ ያህል ቀረ። እናትና ልጅ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ ጨርቁ ቦግ አለ። እንደ መጀመሪያው ቀን።

"አይሆንም!" አለ ዶክተሩ፣ መዝገቡን እያገላበጠ። "ቅቤውን አልበላችም። ጡትም አልሰጠቻትም። በየት ገባ?"

መዝገቡ የአይጥ መዝገብ ነው። አይጥ ራሷን ቅቤ አትቀባም። እታለማሁ ግን ክው አለች።

ባጃጅ ልካ ውዴን ከነልጇ አስመጣቻት። ገና በሩን ሳታልፍ፣ "ልጅቷን ካጠብሽ በኋላ እርግብግቢቷ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት።

"ምን አደርጋለሁ፣ ቅቤ ነዋ። ከዚያ ቅቤ ቀንሼ በቅል ያስቀመጥኩት ነበረ።" አፏን ያዘች። "አትብዪ ነው እኮ ያላችሁኝ!"

ጨለማው ክፍል ገቡና ዶክተሩ በሩን ዘጋ። መብራቱ በራ። የልጅቷ ፊት የለም፤ አናቷ ብቻ፣ ጨለማው ላይ የተንሳፈፈ ክብ ብርሃን። እርግብግቢቷ ትር ትር ባለ ቁጥር ብርሃኑም ትር ትር ይላል። የሚተነፍስ ይመስላል። ውዴ ሻሿን ፈታችው፤ ፀጉሯ እስከ ትከሻዋ አረንጓዴ ነደደ። ዶክተሩ አማተበ።

"በቆዳም ይገባል" አለ ቀስ ብሎ። "በቆዳ ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚገባ፣ መውጫውም ይዘገያል።"

"ሳሙና!" አለች እታለማሁ። "ለብ ያለ ውሃና ሳሙና! ምን ታያለህ፣ ቶሎ በል እንጂ!"

ያን ቀን የሦስቱም ራስ ታጠበ፤ ለካ እሷም ያንን የስስት ቅቤ ከሻሿ ሥር አናቷ ላይ ጣል አድርጋበት ነበር። ቅሉም፣ ዕቃውም፣ የተረፈው ቅቤም ዶክተሩ ባስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ገባ። ማክሰኞ ጨርቁ ሳሳ። ረቡዕ ሳሳ። ሐሙስ ሦስቱ ሴቶች ተመልሰው እዚያው ክፍል ገቡ፤ ትንሿ በእናቷ እቅፍ ተኝታለች።

መብራቱ በራ።

ከወዲያ ጥግ ሰባት ቁጥር አይጥ ልጆቿን ትልሳለች፤ ትንሽዬ የምላስ ብርሃን ትወጣለች፣ ትገባለች። ከዚያች ሌላ ጨለማ ነው።

"አክስቴ፣ ምን ይታይዎታል?"

"ምንም።"

"ደግመው ይዩ እስቲ።"

እታለማሁ ጎንበስ ብላ ትክ ብላ አየች። አናት የለም፣ ጣት የለም፣ አፍ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ምንም ባለማየቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

"ምንም የለም ልጄ። ድቅድቅ ነው።"

ጨለማው ውስጥ ጨርቅ ተንኮሻኮሸ፤ አንድ ሞቃት ነገር የእታለማሁን ክንድ ነካ።

"ይያዙልኛ" አለቻት ውዴ። "እጄ ዝሏል።"

እታለማሁ እጆቿን ዘርግታ የማትታየውን ልጅ ተቀበለቻት። በክብደቷና በወተት ሽታዋ ብቻ አወቀቻት።