ከቀይ መስመሩ በታች

የልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ላይ የመግቢያ መዝገብ የምትይዘው ሴት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቀይ መስመር ታሰምራለች። ከመስመሩ በታች የፈረመ ግማሽ ቀን እንደ ቀረ ይቆጠርበታል። ዛሬም መካኒኩ እያለከለከ የመጣው ከተሰመረ በኋላ ነው። በተደወለለት ቁጥር ገና ከቤቱ ሳይወጣ «ደረስኩ» ስለሚል፣ ሠራተኛው ስሙን «ደረስኩ» ብሎታል።

«ሦስት ደቂቃ እኮ ናት፣ እትዬ!»

«ሕግ ሕግ ነው።»

«ሥራ አስኪያጁስ? ጠዋት ጠዋት ፊርማቸውን እንጂ እሳቸውን አይቼ አላውቅም። በመስኮት ነው እንዴ የሚገቡት?»

በሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። እሷ አቀረቀረች። የምትፈርምላቸው ራሷ ነበረች። «ማታ ሁላችሁም ስትሄዱ የምቀረው እኔ ነኝ። ሰው እንዳያወራ ግን አንቺው ፈርሚልኝ» ብለዋታል። እውነታቸውን ነው፤ መብራታቸው መጨረሻ ነው የሚጠፋው። ቢሆንም በፈረመች ቁጥር ዙሪያዋን ትቃኛለች። እንቢ እንዳትል ደግሞ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጨርቅ መጋዘኑ ተቀጣጠለ። ጢሱ ወደ ቢሮዎቹ ወጣ። ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፤ የጥበቃ ኃላፊው መዝገቡን ከእጇ ነጥቆ ስም ጠራ። አንድ ሰው ጎደለ።

«ሥራ አስኪያጁ ውስጥ ናቸው!» አለ የጥበቃ ኃላፊው።

አፏን ከፈተች። ከተናገረች ሥራዋ አበቃ። ደግሞስ ዛሬ በጓሮ በር ገብተው ቢሆንስ? እሷ ስታመነታ፣ ደረስኩ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አፉ ላይ አስሮ ደረጃውን ተያያዘው።

ያኔ ጮኸች። «የሉም! እኔ ነኝ የፈረምኩላቸው! መልሱት!»

ጢሱ ውጦት ነበር። ሁለት ጥበቃዎች ጎትተው ሲያወጡት በእጁ ኮት ይዟል።

«ወንበራቸው ላይ... ኮታቸው ነበር...» ሳል አቋረጠው። «አሉ ብዬ... ጠረጴዛው ስር ስፈልግ...»

አምቡላንሱን ተከትሎ የሥራ አስኪያጁ መኪና ገባ።

«ሁሉም ሰው ወጥቷል?» አሉ ገና ሳይወርዱ።

«ጠፍተው የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች።

መሬት ላይ የተንጋለለውን ሰው አዩ፤ ኮታቸውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታዲያ ምነው ቶሎ ብትናገሪ?» አሏት።

መዝገቡን ከጥበቃ ኃላፊው ተቀብላ ጠዋት የፈረመችውን ሰረዘች። ከቀይ መስመሩ በታች፣ ከደረስኩ ስም ቀጥሎ፣ «አራት ሰዓት» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።

የአምቡላንሱ በር ሲዘጋ እሳቸው ገና አልፈረሙም ነበር።