ዘርይሁን የተሸከመው ድንጋይ

ከምርጫው በኋላ ናይሮቢ ስትታወክ፣ እኛ የምንኖርበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ክሊኒክ ጠፋ። ማታቱ የሚሉት ታክሲ ቆሟል፤ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው። የእህቴ የአያልነሽ ልጅ ሚዛን ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ከሕንፃችን መኪና ያለው ጨርቅ ነጋዴው ዘርይሁን ብቻ ነበር። በማለዳ በሩን አንኳኳሁ።

«መንገዱ ተዘግቷል። መኪናዬን ያቃጥሉብኛል» አለኝ በበሩ ክፍተት።

ትንሽ ቆይቼ ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያው ላይ ስወጣ፣ ፒካፑ ጣቃ በጣቃ ተጭኖ ከግቢው ሲወጣ አየሁት። ባዶውን እስኪመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅኩት።

«በሷ የደረሰው በልጆችህ ይድረስ!» ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ኖርዌይ ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ እርግማን ይሠራል ብዬ አላምንም። ፊቱ ዐመድ ሲመስል ግን ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አያልነሽ ያስጠራቻቸው አባ ክፍለማርያም በእግራቸው መጡ። መጽሐፋቸውን ሳይከፍቱ ዙሪያውን አዩ።

«እዚህ ቤት ቂም የያዘ አለ?»

አያልነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«አለ» አልኩ።

«እንግዲያው ጸሎቱን አልጀምርም። መጀመሪያ ታረቅ።»

«አባ፣ ልጅቷ እየታፈነች እኮ ነው!»

«ለዚሁ ነው የምልህ።»

ዘርይሁን ተጠራ። እንደ አገር ቤቱ ወግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣና የቤታችን ደፍ ላይ ጎነበሰ።

«ስለ እመብርሃን ይቅር በለኝ። እርግማኑን አንሳልኝ፤ የልጆች አባት ነኝ።»

የተበደለው ይቅር ብሎ ካላወረደለት፣ በዳዩ በራሱ እጅ አያወርደውም።

«ወንድምዬ፣ አውርድለት» አለች አያልነሽ እያለቀሰች።

እኔ የማላምንበት ነገር እሱን አንገቱን ይዞታል። ይህን እንዳየሁ ምን እንደማደርግ አወቅኩ።

«አወርድልሃለሁ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ።»

«መንገዱ እኮ…»

«ለጣቃው ተከፍቶ የለ?»

«ልጄ፣ ዕርቅ እንደ ገበያ አይደለም» አሉ አባ።

የመኪናውን በር ከፈትኩ። አያልነሽ ሚዛንን በነጠላ ጠቅልላ ከኋላ ገባች። ዘርይሁን ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ መሪውን ያዘ።

ከሚነድ ጎማ ፊት ወጣቶች አስቆሙን። አንዱ በመስኮቱ አጎንብሶ ዘርይሁን ጭን ላይ ያለውን አየ።

«ጂዌ ላ ኒኒ?» አለ፣ ድንጋዩ ለምንድን ነው ማለቱ ነው፤ ልንወረውረው የያዝነው መስሎት ቆንጨራውን ከፍ አደረገ። ዘርይሁን ስዋሂሊው ጠፋበት።

«ኃጢአቱ ነው» አልኩ በስዋሂሊ። «ይቺን ልጅ አላደርስም ብሎ ነው የተሸከመው።»

ወጣቱ ሚዛንን አየ፤ ዘርይሁንን አየ። «ታዲያ ምነው አነሰ?» ብሎ ሳቀና ጎማውን በብረት ገፋልን። እኔም ሳቅሁ። ዘርይሁን አልሳቀም።

ሆስፒታሉ እንደደረስን ነርሷ ሚዛንን ተቀብላ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ አያልነሽም ተከተለቻት። ዘርይሁን ድንጋዩን ወደ ማጅራቱ መልሶ በሩ ላይ ጎነበሰ።

«ይኸው በሩ። ቃልህ ነው።»

«ትንፋሿ ሲመለስ።»

«ወንድሜ፣ በሩ ላይ ነው ያልከኝ!»

«አንተስ መንገዱ ተዘግቷል ብለኸኝ አልነበር?»

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ጀመር። ይየው አልኩ። ቆይቶ ከድንጋዩ ሥር ሹክሹክታ ሰማሁ። የራሱን ልጆች ስም የሚጠራ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልኩ። «ሚዛንን ማርልኝ» ነበር የሚለው፤ ያንኑ እየመላለሰ።

ቀኑን ሙሉ እኔ እንዲህ ብዬላት አላውቅም።

አያልነሽ ወጣች። «ኦክስጅን አድርገውላታል። ገና ነው፣ አናውቅም አሉኝ።» ከዚያ ዘርይሁንን አየችው። «እስካሁን አላወረድክለትም? ኧረ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለህ!»

የዘርይሁን ላብ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። ተነሥቼ ሁለት እጄን ድንጋዩ ላይ አኖርኩ። ሹክሹክታው አላቋረጠም። ሸክሙ ሲወርድለት ጸሎቱንም የሚተው መሰለኝ።

«ቀጥል» አልኩት፤ ድንጋዩን ሳላወርድ እጄን መለስኩ።