ፌስቲ ለሚስቱ የሰጣት መስክ

«ከቀብሩ በኋላ መስኩን ለቤተሰቡ ትመልሻለሽ፤ አይደል?» አለች ፊሎሚና፣ የሳንድዊቹን ሳህን ከወንድሟ ሚስት ከአትራክታ እጅ እየተቀበለች።

ጓዳው በሰው ተጨናንቋል። የአትራክታ ባል የፌስቲ ሬሳ ሣጥኑ እንደተከፈተ ሳሎን ውስጥ ነው። እንደ አገሩ ልማድ፣ ከመላው የሜዮ አውራጃ የመጣው ለቀስተኛ እየገባ የሟቹን እጅ ይዳስሳል፤ አንዱ ጥግ ጸሎት ይደገማል፣ ሌላው ጥግ የሟቹ ቀልድ እየተነሣ ይሳቃል።

«የትኛውን መስክ?» አለች አትራክታ፣ እያወቀች።

«አታድርቂኝ! የሐይቁን ዳር ነዋ! የአባታችን መሬት ነው። ወንድሜ በስምሽ ያዞረው ወዶሽ መሰለሽ? የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት ድሃ መምሰል ፈልጎ እኮ ነው! መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ለአገሩ ሁሉ አውርቶታል።»

አትራክታ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። እውነትም አውርቷል። መስኩን ያዞረላት ዕለት ከጠበቃው ቢሮ ሲወጡ ኮፍያውን ወደ ላይ ወርውሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መናጢ ድሃ ነኝ! መንግሥት ይጡረኝ!» እያለ መንገደኛውን አስቆ ነበር። እሷም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አልሳቀም። አበባ እንኳ ገዝቶላት የማያውቅ ባሏ የሰጣት ትልቁ ነገር ማታለያ መሆኑ ከነከናት። ከዚያ መስክ ላይ ቆሞ ሐይቁን ማየት ነፍሷ ነበር፤ ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

በዚህ መሀል ጊልሁሊ ገባ። ጡረታ ሳይወጣ የድጎማ ጠያቂዎችን ንብረት እየዞረ ይመረምር የነበረ ሰው ነው፤ መኪናው ብቅ ሲል ገበሬው ላሙን ይደብቅበት ነበር። ሬሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየና ወደ ጓዳ መጣ።

«አትራክታ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አቤት፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር!»

«በመስኩ ጉዳይ ሸወደህ፣ አይደል?» ጣልቃ ገባች ፊሎሚና።

«ማን? እኔን?» ጊልሁሊ ሳቀ። «መጀመሪያ መጥቶ አማከረኝ እኮ! የባልና የሚስት ንብረት ተደምሮ ነው የሚታየው፤ ከቀኝ ኪስህ ወደ ግራ ኪስህ ብታዞረው ለድጎማው ምንም አይፈይድልህም አልኩት።»

አትራክታ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። «በስሜ ሳያዞረው በፊት?»

«በፊት እንጂ! ታዲያ ለምን ትለፋለህ ስለው፣ ‹ሚስቴ ሐይቁን ስታይ ፊቷን ብታየው! መስኩ የእሷ ይሁን። እህቴ ስጦታ ነው ካልኳት ቤቱን ታፈርሰዋለች፤ ለድጎማ ነው ካልኳት ግን ጎበዝ ትለኛለች። ለአትራክታም አልነግራትም፤ መዋሸት አትችልበትም፣ ከፊቷ ያነቡባታል። አንተም አፍህን ዝጋ› አለኝ። እስከ ዛሬ ዘግቼ ኖርኩ።»

ፊሎሚና ፊቷ ቀላ። «እኔ እኮ... ጎበዝ ብዬዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ጓዳው በሳቅ ፈነዳ። ጥቂት ቆይታ ፊሎሚናም ሳቋ አመለጣት።

የአትራክታ ልብ እንደ ልጃገረድ ልብ ይዘል ጀመር። «አልመልስም!» አለች ጮክ ብላ። «መስኩ የእኔ ነው፣ ፊሎሚና! የእኔ!» ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ሳሎን ገባች። ጸሎቱ ተቋረጠ።

«አንተ ቀጣፊ!» አለችው፣ እየሳቀች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «እንዲህ ጉድ ታደርገኝ?»

ከዚያ አውራ ጣቷን በምላሷ አርጥባ፣ የቆመውን ቅንድቡን ቀስ አድርጋ አስተኛችለት።