የእርሾው ቅሬ

እኔ ትምህርትን ያሰናበትኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው። እሱም ቅሪ ብሎ አልለመነኝም። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የእርሾን ተፈጥሮ የሚለውጥ ማኅበር ያቋቋመችው ዑምኩልሱም ናት ሲባል ሰው ቢስቅ አልቀየምም። እኔም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ሁሉም የመጣው በኢቲሳም ነው። ኢቲሳም የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከጨቅላነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በለውጡ ሰሞን፣ ወጣቱ ሁሉ ተደራጅ በሚባልበት ጊዜ፣ ባዮሎጂ ተምራ ጨርሳ ቤት ገባች። የተደራጀም ያልተደራጀም ሥራ አላገኘም። ሰላሀዲን የሚባል ደላላ ደግሞ ደጃፌን እያንኳኳ ኩዌት፣ ኩዌት ይላል። ፓስፖርቷን አውጥታለች። ከሰፈራችን አረብ አገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉ። ይችን አልሰጥም አልኩ። እኔ አልሰጥም ካልኩ በሬም አይጎትተኝም።

ምን ቢደረግልሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። የምትሠራበት ክፍልና አብሯት የሚሠራ ሰው ካገኘች እንደምትቀር ነገረችኝ። ሥራውንም አስረዳችኝ። የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ እርሾ ሆድ ውስጥ ሥራውን የሚያዝ ረጅም ክር አለ። እዚያ ክር ላይ ከሌላ ፍጥረት የተገኘች ቁራጭ ከቀጠልሽበት፣ እርሾው የማያውቀውን ሙያ ይለምዳል፤ የካሮትን ቀለም ይሠራል። ቁራጯን ዱባይ ያለች ጓደኛዋ ልካላታለች። ባሕር ማዶ ፀጉር አስተካካዩም ሹፌሩም በየሰፈሩ ተሰብስቦ እንዲህ ያለውን ይሞክራል አለችኝ።

ካሮቱን ገዝቶ መብላት አይሻልም ወይ ብላት፣ የጎደለኝ ሰው ነው እንጂ ካሮት አይደለም አለችኝ።

"የጎደለሽ ሰው ከሆነ ለእኔ ተይው፤ አብሽሪ" አልኳት።

እኔ ሰው ማሰባሰብ የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በቅሬ። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። ሰው ሲሞት እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ የቀረ ይቀጣል። በዚሁ ሕግ ጋሽ ሙዘይንን ያዝኩ፤ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነው። ልብስ ሰፊውን አራጋውን ያዝኩ። ዳቦ ጋጋሪዋን ራህማን፣ እርሾ ስለሚያገናኛት፣ እምቢ ብትልም ያዝኩ። ሌሎችም ተከተሉ። ጓዳዬን ለቀቅኩ፣ ፕሬዠር ድስቴን ሰጠሁ፤ ኢቲሳም ዕቃዎቿን በእንፋሎቱ ትቀቅልበታለች።

"እቴቴ፣ ይኼ እኮ ቀብር አይደለም" አለችኝ የቅጣቱን ሕግ ስትሰማ።

"ያለ ቅጣት የሚመጣ ሰው ካየሽ እኔንም ጥሪኝ" አልኳት።

የመጀመሪያው እርሾ ሻገተና ሞተ። ያን ዕለት የመጣውን ሰው ብታዩ! ራህማ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። አራጋው ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ያዘ። ጋሽ ሙዘይን ኢቲሳምን አሏህ ይተካልሽ ብሎ አጽናናት፤ ሌላው ደግሞ ሕመሙ ቆይቶበት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጅቷ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ጠፍቶባት አፏን በሻሽዋ ያዘች። እኔ ግን ጓዳና ሳሎኑን የሞላውን ሰው እያየሁ፣ ማኅበር ማለት ይህ ነው ብዬ ኮራሁ።

ሁለተኛው ያዘ። ሳህኑ ላይ ምስር ክክ የተበተነ ይመስል ብርቱካናማ ነጠብጣብ ወጣ። ኢቲሳም ክፍሉን ጠርጋ፣ ወንበር ደርድራ ጠበቀች። አንድ ሰው ዝር አላለም።

ተናድጄ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጋሽ ሙዘይን ቀረሶ ዓሣ እየገፈፈ ነበር። ሲያየኝ ቢላውን አስቀመጠ።

"ምነው፣ እርሾው ደከመ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው። እንዲያውም አምሮበታል።"

"ደህና ከሆነ ታዲያ ቅሬ ምን ሊሠራ ይመጣል?"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያቋቋምኩት ሞት የሚጠብቅ ማኅበር ነው። ቤት ስመለስ ኢቲሳም ሳህኗን ታቅፋ ከሰላሀዲን ጋር በስልክ እያወራች አገኘኋት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው ያሳበደኝ።

በማግስቱ ጥሩንባ ነፊውን ጠርቼ፣ የዑምኩልሱም እርሾ አርፏልና ውጡ ብለህ ንፋ አልኩት። ነፋ። ሥራውን ያልጣለ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሙዘይን ከነእርጥብ ሱሪው ገባ። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ።

"ሟቹ የታለ?"

"ድኗል" አልኩ።

እዚያው ቁጭ ብለው ፈረዱብኝ። በሐይቅ ምድር በሞት የዋሸ ሰው አይተን አናውቅም ተባልኩ። የማኅበሩን ዕቃ ሁሉ ዓመት ሙሉ እንዳጥብ ተቀጣሁ። አራጋው እንኳ፣ ለሳቅ የተፈጠረው ሰውዬ፣ ፊቱን አዞረብኝ። ቢሆንም ከሥራ ቀርተዋል፣ ተቀምጠዋልም፤ ኢቲሳም ሳህኑን እያዞረች ማሳየት ጀመረች። ራህማ ይኼ ዳቦ ውስጥ ቢገባ ምን ይመስላል አለች። ኢቲሳም ለአፍ የሚሆን አይደለም ብላ ከለከለች። ጋሽ ሙዘይን ቆጣ እንዳለ፣ ዓሣንስ እንዲህ ማቅለም ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሷም ወንበሯን ወደሱ ሳበች። ከዚያ ወዲያ በደህናም ቀን መምጣት ጀመሩ። የኩዌቱ ወሬ ቀዘቀዘ። እኔም ዕቃ እያጠብኩ ሁሉንም እንዳዘዝኩት ሄደ እያልኩ ለራሴ አወራለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ በወርኃ ጥቅምት ተኩሱ ሲቀርብ ወደ አርዲቦ፣ ዘመድ ጋ ሸሸን። ኢቲሳም ከእርሾው ጥቂት በጠርሙስ አድርጋ ክዳኑን አላልታ ሰጠችኝ፤ እሷ ዕቃ ተሸክማለች። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ መንገድ ነውና ይፈሳል፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሁለተኛ፣ መንገደኛ ያለ ስንቅ አይሄድም፤ ስኳር ጨመርኩለት። በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩት።

ፀሐዩ በረታ። ዳገቱ ላይ፣ በሸሺው ሕዝብ መሐል ስንሄድ፣ ጠርሙሱ ድው ብሎ ፈነዳ። ሕዝቡ እንዳለ መሬት ላይ ተነጠፈ። ጋሽ ሙዘይን ሸሐዳ ሲይዝ ሰማሁት። ቀና ብለው ሲያዩ ደረቴ ላይ ቀይ ዳማ አረፋ ይወርዳል። ተመታች ብለው ተረባረቡብኝ። ራህማ መቀነቷን ፈታ ልታስረኝ ስትል አሸተተችው።

"ይኼ እኮ ቡሖ ነው" አለች።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ሰው ሳቀ። ለጥቂት ነው ጠርሙሱ ያልቆረጠኝ። ኢቲሳም አልሳቀችም። የተረፈ ካለ ብላ ነጠላዬን ገልጣ አየች፤ አፈር በልቶታል። ስባሪውን አንድ በአንድ ከነጠላዬ ለቀመችልኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ በርዶ ስንመለስ ጓዳው ባዶ ነበር። ድስቱ፣ ሳህኖቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም ተወስዷል። በዚያው ሳምንት ኢቲሳም ራሷ ለሰላሀዲን ደወለች። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሰው አምጪልኝ አልሽ፣ አላመጣሁልሽም ወይ አልኳት።

"አምጥተሽልኛል እቴቴ" አለች። "የማንም ማኅበር እንዲህ ያለ ሰው የለውም። ግን አሁን በባዶ እጃችን ነው ያለነው። ሰው ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ልቀመጥ?"

እኔ አልሰጥም ባይዋ ከበሩ ዞር አልኩ። ከሄደች በኋላ እኔ ማኅበሩ አብሮ ያለቀ መስሎኝ ጓዳውን ሽንኩርት ማስቀመጫ አደረግኩት። ለካ ማንም አላፈረሰውም። አንድ ጠዋት ጋሽ ሙዘይንና አራጋው መጥተው፣ ሳታስፈቅጂ ስብሰባ ቀርተሻል ብለው ቀጡኝ። ቅሬ በማን ቃል ነው የሚፈርሰው ብለው ደግሞ ጠየቁኝ። ሽንኩርቱን ራሳቸው አወጡት።

ኢቲሳም አዲስ ቁራጭ በመንገደኛ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ላከች። ራህማ ድስት አመጣች። ዛሬ ልጅቷ ከኩዌት በስልክ እየመራችን ሠራን።

"ሙቀቱ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"ደህና ማለት ስንት ነው እቴቴ?"

"የሕፃን ገላ ያህላል።"

ከኋላዋ የአሠሪዎቿ ልጆች ይንጫጫሉ።

"እስቲ ስልኩን ለጋሽ ሙዘይን ስጪው" አለች።

እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ቤቱም የእኔ ነው፣ ስልኩም የእኔ ነው። ጋሽ ሙዘይን ቁጥሩን ሊያነብላት መነጽሩን አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ ያደራጀሁት እኔ ነኝ።