ሌሊት የምትሠራው ሺሺንዳ

ሰው በምን በምን ይደሰታል ቢባል በሹመት፣ በሠርግ፣ በልጅ መወለድ ይባላል። ትሕትና ግን ያን ሰኞ ጠዋት በደስታ ልትበር የደረሰችው በመስመር ነው፤ ቢሮ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር በተዘረጋ፣ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል በሚል ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ይኼን ደስታ የሚካፈላት ሰው ቦንጋ ከተማ ውስጥ አልነበረም። እሷም ብትሆን መጠበቅ ካቆመች ቆይታለች።

ከደብረ ብርሃን መጥታ በቡና ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ዩኒየኑ ደካ፣ ሺሺንዳና ዋጫ ላይ የቡና መረከቢያ ጣቢያ አለው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አስመዝኖ ሲያስረክብ የጣቢያው ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግብለታል፤ ማተሚያው ደረሰኝ ይተፋል፤ ምዝገባው ቦንጋ ዋናው ቢሮ ወዳለው ሰርቨር ይገባል። ሲወራ ደስ ይላል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ገበሬ እስኪመዘገብ ድረስ ከኋላው ያለው ሰው ጥርሱን ፍቆ ይጨርሳል። ደካ ያለው ሠራተኛ ደውሎ “ኔትወርክ ነው” ይላል። የዋጫዋ “መብራት ነው” ትላለች። ዋናው ቢሮ ሁሉንም ይሰማና “ሲስተም ነው” ብሎ ይደመድማል። ሲስተም በዚህ አገር ይከሰሳል እንጂ ተጠይቆ አያውቅም።

ትሕትና ልትጠይቀው ተነሳች። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የትኛውን ሥራ ስንት ሰዓት ላይ ጀምሮ በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሰ ለራሱ ይመዘግባል፤ ችግሩ ሁሉም ለየብቻቸው ማጉረምረማቸው ነው። ስለዚህ የሁሉንም ጉርምርምታ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ሠራች። ጣቢያዎቹ ቀን ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ውሏቸውን አጠራቅመው ማታ ይልካሉ፤ ቋቱ ተቀብሎ ጎን ለጎን ይደረድረዋል። ሥራ አስኪያጇን ወይዘሮ በዛወርቅን ለዚህ ለማሳመን ያልወጣችው ዳገት አልነበረም። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ አንድ ነገር ከተበላሸ መድኃኒቱ ስብሰባ ነው ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን ዝናብ ኔትወርኩን ቆራርጦት ሲስተሙ ቢያዘግም በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ “የሲስተም ስብሰባ” እንዲካሄድ አዘዙ። ይኸው ወር ሆነው፣ ስብሰባውም አልቀረ፣ ሲስተሙም አልዳነ።

ሰኞ በስብሰባው ላይ ትሕትና መስመሮቿን ግድግዳው ላይ አበራች። “ከዛሬ ጀምሮ መገመት ቀረ” አለች አፏን ሞልታ። “ደካም፣ ዋጫም፣ ሺሺንዳም አሁን አንድ ቦታ ይታያሉ። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ሲስተሙ ተንቀራፏል ማለት ነው።”

የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ነቢዩ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ከቁጥር መሃል ስህተት ካላገኘ ቁርሱ አይወርድለትም። “ቆይ፣ ይቺ ሰማያዊዋ የማን ናት?”

“የሺሺንዳ።”

“ሺሺንዳ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምራ ነው እንዴ የምትሠራው?”

ትሕትና ዞር ብላ አየችና ክው አለች። እውነቱን ነው። ደካና ዋጫ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ይንቀራፈፋሉ። ሺሺንዳ ግን በሌሊት ትነሳለች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንቀራፈፋለች፣ ረፋዱ ላይ ጸጥ ትላለች። በመስመሮቹ ማማር ተውጣ ከሥር የተጻፈውን ሰዓት ልብ ብላ አላየችውም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ትሕትና ገና ማፍሰሷ ላይ ነበረች።

“ሌሊት የሚረከብ ቡና የለም” አለ ነቢዩ። “ሌሊት የሚመዘገብ የውሸት ቡና ግን ሊኖር ይችላል። ሲስተሙን ያጨናነቀውም ይኸው ይሆናል።”

“ሺሺንዳ ያሉት ጋሽ ለገሰ አይደሉም?” አሉ ወይዘሮ በዛወርቅ። ፊታቸው ተለዋወጠ። “እኚህ ሰውዬ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላስብም ነበር። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለረቡዕ ስብሰባ የእግዱ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ይቅረብልኝ፤ ከዚያ ይጣራል።”

ትሕትና ፕሮጀክተሩን አጠፋች። ጋሽ ለገሰ ዩኒየኑ ሲመሠረት ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላምታ ያስተማሯት ደግሞ እሳቸው። አንድ ጊዜ የታገደ ሰው፣ ተጣርቶ ነጻ ቢወጣ እንኳ፣ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ስሙ ተመልሶ እንደማይነጻ ታውቃለች። እውነት ያወጣል ብላ የሠራችው ቋት ገና በተወለደ ማግስት ሰው ሊያስበላ ነው።

ማክሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሺሺንዳ ሄደች። መረከቢያው በር ላይ ገበሬዎች ከነጆንያቸው ተሰልፈዋል። ጋሽ ለገሰ ከመስኮቱ ወዲያ ሆነው በካፊኖኖ ስም ይጠራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይመዘግባሉ። ሥራው እንደ ውሃ ይወርዳል።

“ትሕትናዬ! በሰላም ነው ሳትደውዪ?”

መሸፋፈን አልቻለችበትም። “ጋሽ ለገሰ፣ ሌሊት ሌሊት እየገቡ ይመዘግባሉ እየተባለ ነው።”

“ሌሊት?” ብለው ሳቁ። “ሌሊት እዚህ የሚሠራው ጅብ ነው።” ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቆመ። “ማን ነው ያለው?”

“እኔ የሠራሁት ቋት።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት። “እንግዲህ ሌባ ተባልኩ በዪኛ” አሉ ቀስ ብለው። ትሕትና የምትገባበት ጠፋት።

ይኼኔ ከተሰለፉት አንዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ለገሰ የኮምፒውተራቸውን ጥግ አዩና “ለሦስት አምስት ጉዳይ” ብለው መለሱለት። ትሕትናም ወደዚያው ጥግ አየች። ኮምፒውተሩ ለሦስት አምስት ጉዳይ ይላል። ስልኳን አወጣች። ስልኳ፣ እንደ ማንኛውም የቢሮ ማሽን በፈረንጅ ሰዓት የሚሄደው ስልኳ፣ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ይላል።

“ጋሽ ለገሰ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ማን ነካው?”

“እኔ ነኛ። ምን ላድርግ? ደረሰኙ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ እየወጣ አስቸገረኝ። ሰውዬው በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስረክቦ፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል። ፊደል የቆጠረች ልጁ ታነብለታለች። ሚስት ‘ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የት ነበርክ?’ ትላለች። ስንቱ አኩርፎ አደረ መሰለሽ! ወደኛ ሰዓት መለስኩት፣ አገር ሰላም ሆነ።”

ትሕትና ሳቋ አመለጣት። ሳቅም ለቅሶም ነበር። ቋቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ብሎ አነበበው፤ ያ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሽማግሌው የሰው ትዳር ሲጠብቁ ሌባ ሆነው ተገኙ። ልትነግራቸው ስትል ማተሚያው መሃል ላይ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ‘ጠብቁ’ የምትለው ክብ ምልክት መዞር ጀመረች።

“ይኸው መጣች” አሉ ጋሽ ለገሰ። “ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። ገበሬው ገበያውም ሊያመልጠው ነው።”

ሦስት ሰዓት። ደካም ሦስት ሰዓት፣ ዋጫም ሦስት ሰዓት። ትሕትና ቦርሳዋን አንስታ ተሰናበተቻቸው። ወደ ቦንጋ ስትመለስ ሚኒባሱ ጆንያ ለመጫን በቆመ ቁጥር ሾፌሩን በዓይኗ ትገፋው ነበር። ቢሮዋ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቋቱን ከፈተች፣ በሺሺንዳ ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ደመረች። ሰማያዊዋ መስመር ከሌሊት ተነስታ ወደ ጠዋት መጣችና ከሁለቱ ጎን ቆመች። ከዚያ ሦስቱም፣ ተራራ ለተራራ የሚራራቁት ጣቢያዎች፣ በአንድ ቅጽበት ሽቅብ ወጡ። በአንድ ቅጽበትም ወረዱ።

“የታባክ!” አለች ብቻዋን።

የደካ ኔትወርክና የዋጫ መብራት ተቃጥረው አይጠፉም። ሦስቱም የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷ የተቀመጠችበት ሕንፃ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዋናው ቢሮ ኮምፒውተሮች ወሬም እዚያው ቋት ውስጥ ተከማችቷል፤ የራሱን ጓዳ የሚፈትሽ የለምና ማንም አልከፈተውም፣ እሷም ጭምር። አሁን ከፈተችው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሪፖርት ያወጣሉ። ያ ሪፖርት ዩኒየኑ ከተመሠረተ ጀምሮ የገባውን ቡና ሁሉ ከሥር ቆፍሮ የሚያመጣ ነው። አንድ ሰው ቢያወጣው ሰርቨሩ ይችለዋል። አምስት ሰው ባንዴ ሲጎትተው ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲዘገይባቸው ደግሞ ደግመው ይጫኑታል። እነማን ናቸው? አምስቱ የክፍል ኃላፊዎች። ለምን? ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ በዛወርቅ ፊት ባዶ እጁን መግባት የሚፈልግ ስለሌለ። የስብሰባው አጀንዳስ? ሲስተሙ ለምን ይንቀራፈፋል የሚል።

ትሕትና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ረቡዕ ወይዘሮ በዛወርቅን ለምና ስብሰባው ቀደም ብሎ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንዲጀመር አደረገች። አምስቱም ኃላፊዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ገቡ። የእግዱ ደብዳቤ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ትሕትና የሺሺንዳን ሰዓት ነገር አስረዳች፣ የወሩን ሙሉ መስመሮች አሳየች። ነቢዩ ራሱን ነቀነቀ።

“ሰዓቱን ተቀበልኩ” አለ። “የቀረው ግን ግምት ነው። እኛ ሪፖርት ስላወጣን ሺሺንዳ ያለ ገበሬ ይቆማል?”

“ለዚህ ነው ሺሺንዳ የደወልኩት” አለች ትሕትና፤ ስልኳን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠች። “ጋሽ ለገሰ፣ ይሰሙኛል? ሥራዎን ይቀጥሉ። እናንተ ደግሞ ለጊዜው ምንም አትክፈቱ።”

ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ሦስት ሰዓት ሞላ፣ አለፈ። ከስልኩ ውስጥ የማተሚያው ጭርር ጭርር ይሰማል፤ አልተቋረጠም።

“ዛሬስ ቀረች” አለ የጋሽ ለገሰ ድምፅ በመገረም።

“አሁን ሪፖርቱን ክፈቱ” አለች ትሕትና። አምስት ጣት ተጫነ። ማተሚያው አንድ ጊዜ ጭርር አለና ዝም።

“መጣች” አሉ ጋሽ ለገሰ።

“ዝጉት።”

ጥቂት ቆይቶ ማተሚያው ቀጠለ። “ሄደች” አሉ።

ነቢዩ ማንም ሳያዘው ደግሞ ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቆመ። ዘጉ። ማተሚያው ቀጠለ። ሰውዬው በአዲስ መጫወቻ እንደተያዘ ልጅ ዓይኑ በራ። “ይኼማ ግምት አይደለም” አለ፣ ሊስቅም እየቃጣው። ትሕትና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሦስተኛ ሊሞክሩ ሲሉ ከስልኩ ውስጥ ጋሽ ለገሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጆች፣ ሞክሩ፣ ምንም አይደለም። ብቻ እዚህ እናንተ በከፈታችሁ ቁጥር አንድ ሰው ከነጆንያው ቆሞ ይጠብቃል።”

ኃላፊዎቹ እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱ። ወይዘሮ በዛወርቅ ግድግዳው ላይ ያሉትን መስመሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። መስመሮቹ ሽቅብ መውጣት የጀመሩት እሳቸው ስብሰባውን ባዘዙበት ሳምንት ነው፤ ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው አነበቡት። የእግዱን ደብዳቤ አነሱና ሁለት ቦታ ቀደዱት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

“ጋሽ ለገሰ፣ በዛወርቅ ነኝ። ያላደረጉት ነገር በስምዎ ተወርቶ ነበር። ገበሬውንም ያቆምነው እኛው ነን፣ የባሰው ደግሞ እኔ። ይቅር ይበሉኝ።”

ከወዲያ ሽማግሌው አንድ ደረሰኝ ቆርጠው ሲሰጡ ተሰማ።

“እሺ፣ ወይዘሮ በዛወርቅ” አሉ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ልሥራ።”

ስልኩን መዝጋት ግን ረሱት። ስም ሲጠሩ ተሰማ፣ ማተሚያው ጭርር አለ። ሌላ ስም ጠሩ፣ ጭርር። አንዱ ገበሬ ሳቀ፣ ሌላው መረቃቸው። ስብሰባው አብቅቷል፣ የተነሳ ግን አልነበረም። ወይዘሮ በዛወርቅና አምስቱ ኃላፊዎች ላፕቶፑን ዘግተው፣ ወር ሙሉ ያስቆሙት ሰልፍ አንድ በአንድ ሲያልፍ ቁጭ ብለው ሰሙ።