የቁልቁለቱ ነዳጅ

ፍሥሐ ከደብረ ብርሃን ሳይወጣ በየቀኑ ጣርማበርን ይወርድ ነበር። የሚሠራበት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት በየመኪናው ላይ ጂፒኤስ፣ በየነዳጅ ሰልባትዮው ውስጥም መለኪያ ካስተከለ ወዲህ፣ ከባድ መኪኖቹ ሁሉ ትናንሽ ነጥቦች ሆነው በቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን ያልፋሉ። ነጥቧ አረንጓዴ ከሆነች ሾፌሩ ቆጣቢ ነው፤ ከቀላች አባካኝ፤ ነዳጁ በድንገት ከቀነሰ ደግሞ ሌባ። ፍሥሐ ለትምህርት መጥቶ እዚያው ከተማ የቀረ ወጣት ነው። ሥራው እነዚያን ነጥቦች መጠበቅ ነበር።

ከሁሉም አዘውትራ የምትቀላው የወልደአረጋይ ነጥብ ነበረች።

ወልደአረጋይ ዕድሜውን በዚያ መንገድ ላይ የፈጀ ሾፌር ነው። ውርጭ ያደረበትን ሞተር ቸኩሎ ማንቀሳቀስ ኃጢአት ይመስለዋልና፣ ጠዋት ጠዋት አስነሥቶት እስኪሞቅ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ጣርማበር አናት ላይ ሲደርስ ደግሞ መንገድ ዳር ይቆማል። የፍሬኑ ንፋስ እንዳይጎድል ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርድና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ይመታል፤ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ ወደ ገደሉ ዞሮ ያማትባል። ከዚያ በኋላ ነው በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው። ጓደኞቹ «ጋሽ ወልዴ ጣርማበርን ሳያስፈቅድ አይወርድም» እያሉ ይቀልዱበታል። መለኪያው ግን ቀልድ አያውቅም። የጠዋቱንም የአናቱንም ቆይታ ብክነት ብሎ ይይዛል።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ዘሥላሴ ሾፌሮቹን ግቢ ውስጥ ሰበሰበ። በሚቀጥለው የኮምቦልቻ ጉዞ ነጥቧ ከቀላች መኪናዋ ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ለወልደአረጋይ በሁሉም ፊት ነገረው፤ ነግሮትም ሄደ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ልቀቃት እንጂ!» አለ ሀብታሙ የተባለው ሾፌር። «ቁልቁለቱ ራሱ ያደርስህ የለ? ቁልቁለት ለመውረድ ነዳጅ የሚያቃጥል ካንተ በቀር ማን አለ? እንደ በቅሎ እግርህን እየለካህ!»

«በቅሎ ገደል ገባች ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አልሰማሁም። ግን በቅሎም ዛሬ ጂፒኤስ ቢያስሩላት ትሮጣለች።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ወልደአረጋይ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው።

ከሰዓት በኋላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የፍሥሐ ቢሮ በር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ያ ሳጥንህ የት የት ላይ ነው የሚከሰኝ?»

«ጋሼ፣ ለሾፌር እንዳላሳይ ተከልክያለሁ። የነዳጅ ፍጆታውን መስመር ካየ ማታለያውን ይማራል ይላሉ።»

«አታሳየኝ፤ ንገረኝ። ከመሪ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ይህችን መኪና ከነጠቁኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ሌላ ይሰጠኛል?»

ፍሥሐ ወደ ኮሪደሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ማሞቁ ይበዛል። ጣርማበር ላይ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙትም አለ።»

«እሱንም ያያል?»

«ያያል።»

«ጎማ ስመታም? ሳማትብም?»

«መቆምዎን ነው እንጂ የሚያደርጉትን አያይም።»

«እንግዲያው እንደ ሰው ነው» አለ ወልደአረጋይ። «ቁልቁለቱስ?» ሲል ደግሞ ጠየቀ።

መልሱ ፍሥሐ አፍ ላይ ነበር። መኪና በማርሽ ተይዞ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጅ መርገጫው ከተነሣ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ ነዳጅ አይጠይቅም። የወልደአረጋይ የፍጆታ መስመር ከአናቱ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይወርዳል። እነሀብታሙ ማርሹን ዜሮ አድርገው ሲለቁት ግን፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ጥቂት ጥቂት ማቃጠሉ አይቀርም። በቁልቁለቱ ላይ ከሽማግሌው የሚበልጥ ቆጣቢ አልነበረም።

ይህን ሊነግረው ገና አፉን ሲከፍት ዘሥላሴ ገባ።

«ሾፌር በዚህ ክፍል ምን ይሠራል?»

«ልጁን ሰላም ልለው ነው፣ አቶ ዘሥላሴ» አለ ወልደአረጋይና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ፍሥሐ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ ጠብቄ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ።

በማግስቱ ግቢው ሲደርስ የወልደአረጋይ መኪና አልነበረችም። የአርማታ ብረቷን ጭና፣ ሞተሯ በወጉ ሳይሞቅ ወጥታለች። ስክሪኑን ከፈተ፤ ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ፍሥሐ በመጀመሪያ ደስ አለው።

ጣርማበር ላይ ስትደርስ ትቆማለች ብሎ ጠበቀ። አልቆመችም። የጣርማበርን ዋሻ አልፋ ቁልቁለቱን ያዘች። አሁን መስመሩ ዜሮ ላይ ሊተኛ ይገባ ነበር፤ አልተኛም። ከዜሮው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ ተዘረጋ። ፍሥሐ ገባው፤ ሽማግሌው ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለቋታል። ክፉውን ነግሮት ደጉን ሳይነግረው ቀርቷል።

ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ይጠራል። ወልደአረጋይ መሪ ይዞ ስልክ የማያነሣ ሰው መሆኑን እያወቀ ደጋግሞ ደወለ። «ጋሼ፣ ማርሽ ያስገቡ» ይል ነበር ለሚጠራው ስልክ። የፍጥነቱ ቁጥር በየጊዜው እየናረ ሄደ። ይህን ያህል ብረት የጫነ መኪና ከዚህ ፍጥነት ወደ ማርሽ እንደማይመለስ፣ ፍሬኑም ብቻውን እንደማይችለው ፍሥሐ ያውቃል። ነጥቧ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ቀጠለች።

ከደብረ ሲና በላይ ካሉት ጠመዝማዛዎች በአንዱ ላይ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ።

ነጥቧ ቆመች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው የነዳጅ መጠን ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ ነጥቧ ቀላች፤ ከሥሯም ማሽኑ ራሱ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ብልጭ አለ፦ «የነዳጅ ስርቆት ተጠርጥሯል።»

የቢሮው ስልክ ጮኸ። ማስጠንቀቂያው የዘሥላሴም ስልክ ላይ ደርሶ ነበር።

«አየኸው? ቆሞ እየቀዳ ነው! ሽማግሌ ነው ብላችሁ ስታዝኑለት! ቶሎ ደብረ ሲና ለፖሊስ ደውልና ያስይዙት።»

«እደውላለሁ» አለ ፍሥሐ።

«የት ላይ ነው የቆመው? መንገዱ ዳር ነው?»

ፍሥሐ ካርታውን አጎላው። ቢጫው የመንገድ መስመር ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ነጥቧ አልታጠፈችም። ከሥሯ መንገድ አልተሣለም፤ ስም የተጻፈበት ቦታም የለም።

«ከመንገዱ በታች ነው፣ አቶ ዘሥላሴ።»

የነዳጁ መስመር ሳይቸኩል ወረደና፣ ወልደአረጋይ በማርሽ ይወርድ በነበረ ጊዜ ይሆን እንደነበረው፣ ዜሮ ላይ ተኛ።